ራሴላስ ዋሻ ሲቆፍር
(ስለ ምድር ውስጥ ጀብዱ የቀረበ ሂስ)

ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ተቀምጦ ስለ ከርሰ ምድር ፍርስራሽ መጻፍ አንዳንዱን አንባቢ ሊያስቀው ይችላል። ከተማችን ከተቆረቆረች ሰባ ዓመት አልሞላትም፤ እዚህ ቢቆፈር ውሃ እንጂ ቤተ መንግሥት አይገኝም። ሆኖም በእጃችን የሚገቡት የምናባዊ ጀብዱ ድርሰቶች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይገናኛሉ። ጀግናው ሐረግ የሸፈነውን በር ገፍቶ ይገባል፤ ችቦ ያበራል፤ ዘንዶ ይገድላል፤ ወርቁን ተሸክሞ ይወጣል። አለቀ! «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ብንል ማሾፋችን አይደለም። ጨለማው ውስጥ ገብቶ የወጣው ሰው ምን ሆኖ ወጣ? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

ለመመዘኛ የመረጥነው የሳሙኤል ጆንሰንን «ራሴላስ» ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ አገራችንን በዐይኑ አላያትም። የሚያውቃት ከመጻሕፍት ነው፤ የፖርቱጋላዊውን ሚሲዮናዊ የዤሮኒሞ ሎቦን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1735 አሳትሟል። «ራሴላስ» የወጣው እ.ኤ.አ. በ1759 ሲሆን፣ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውልናል። ታሪኩ በአማራ ምድር፣ በተራራ በተከበበ ሸለቆ ይጀምራል። የንጉሥ ልጆች እዚያ በተድላ ታስረው ይኖራሉ። የግሸንን አምባና የወህኒን አምባ ታሪክ ለምናውቅ ለእኛ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ተረት አይደለም።

ልብ በሉ፤ የሸለቆው መግቢያ ዋሻ ነው። ተፈጥሮ ይሥራው ወይም የሰው እጅ፣ አልለየለትም። በአንድ በኩል ጥቅጥቅ ያለ ደን ሸፍኖታል፤ በሌላ በኩል የጥንት አንጥረኞች የሠሩት የብረት በር ዘግቶታል። ቤተ መንግሥቱም በምሥጢር መተላለፊያና ሀብት በታጨቀባቸው ስውር ጉድጓዶች የተሞላ ነው። የዛሬ ጀብዱ ጸሐፊ ይህን ቢያገኝ ወርቁን ሳይቆጥር አያድርም። ጆንሰን ግን ወርቁን ትቶት ያልፋል። የእርሱ ጥያቄ ሰው ከምቾት እስር ቤት እንዴት ይወጣል የሚል ነው።

አንድ ብልሃተኛ በመጀመሪያ ክንፍ ሠርቶ ሊበር ይሞክራል፤ ዘሎም ሐይቅ ውስጥ ይወድቃል። መንገዱ የተገኘው ከሰማይ ሳይሆን ከሽኮኮ ነው። ዝናብ ከጉድጓዳቸው ያስወጣቸው ሽኮኮዎች በቁጥቋጦ ውስጥ ወደ ላይ ያዘነበለ ቀዳዳ ሲቆፍሩ ራሴላስና መምህሩ ኢምላክ ያያሉ። እነርሱም ቁጥቋጦውን መንጥረው መቆፈር ይጀምራሉ። ይደክማሉ፤ ይመለሳሉ፤ እንደገና ይቆፍራሉ። የድንጋይ ስንጥቅ አግኝተው ልዑሉ «መልካም ምልክት ነው» ብሎ ሲደሰት፣ ኢምላክ በምልክት የሚደሰት ሰው በምልክት መሸበሩም አይቀርም ብሎ ይገሥጸዋል። ይህ ክፍል ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። በሩን የከፈተው አስማት ሳይሆን ጉልበትና ትዕግሥት ነውና! አንዲት ሽኮኮ ከመቶ ዘንዶ በልጣ ታሪኩን ወደፊት ትገፋለች።

እንግዲህ ወደ ጉድለቱ። ያን ያህል የተደከመበትን ዋሻ ልዑሉና እኅቱ ነቃያ በጨረቃ ሌሊት ሲያልፉበት ደራሲው ባንድ ዐረፍተ ነገር ይጨርሰዋል። ግድግዳው ይረጥባል? ትንፋሽ ያጥራል? እግር ያዳልጣል? ምንም የለም። የጆንሰን ጨለማ አይሸትም፤ አይዳሰስም። ግብፅ ደርሰው ታላቁ ፒራሚድ ውስጥ ሲገቡም ሰፊ ክፍል ሲያገኙ አረፍ ብለው ስለ ሰው ልጅ ፍላጎት አለመጥገብ ይወያያሉ። ጉድጓዱ የፍልስፍና ክፍል ይሆናል ማለት ነው።

ይሁንና እዚያው ላይ አንድ ብልጠት አለ። የልዕልቲቱ ደንገጡር ፔኩዋ መናፍስት ፈርታ ከፒራሚዱ ውጪ ትቀራለች። የሚጠልፏት ሽፍቶችም የሚመጡት እዚያው ከውጪ፣ በቀን ብርሃን ነው። ፍርሃቱ ከመሬት በታች፣ አደጋው ከመሬት በላይ! ዘንዶ ለማሰለፍ የሚቸኩል ጀማሪ ይህን ገጽ ሁለቴ ያንብብ።

ጆንሰን የጎደለውን ጨለማ እኛ ከየት እናምጣ? ሩቅ አንሂድ። ላሊበላ ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ተነሥቶ በጨለማው መተላለፊያ የሄደ ሰው ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ ነው የሚያልፈው፤ ጨለማውም የሲኦል ምሳሌ ነው ይባላል። እዚያ መዳሰሱና ትርጉሙ አይነጣጠሉም። አክሱም ላይ ደግሞ ከአፄ ካሌብ መቃብር ተነሥቶ እስከ ቀይ ባሕር ስለሚደርስ መንገድ ሕዝቡ ያወራል። ወሬው እውነት መሆን የለበትም፤ ለደራሲ በቂ ነው።

አክሱም ሌላም ትምህርት አላት። የጡብ ቅስቶች መቃብር የተባለውን ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1974 ኔቪል ቺቲክ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ ዴቪድ ፊሊፕሰን ቆፍረውታል። ሌቦች ቀድመዋቸው ነበር። ከተረፈው መካከል ግን የወይን ሐረግ የተቀረጸበት የዝሆን ጥርስ ተገኘ። የእኛ ድርሰቶች ሐረጉን በሩ ላይ ይተክሉታል፤ አክሱም ሐረጉ ውስጥ ነበር፤ ያውም በመቃብሩ።

ዋናው ክርክራችን እዚህ ላይ ነው። ፍርስራሽ ባለቤት አለው። ከሐዋሳ ወደ ደቡብ ዲላን አልፎ ያሉት የጌዴኦ ትክል ድንጋዮች በእንሰትና በቡና መካከል ቆመዋል፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድርም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በቱቱ ፈላ ከድንጋዮቹ ሥር ያለው መቃብር ነው። አረም ዋጠው የምንለው ቦታ ለገበሬው ጓሮ፣ ለሟቹ ቤት ነው። ይህን የዘነጋ ጀግና ምንም ያህል ጎራዴ ቢመዝ በደራሲው ፈቃድ የገባ የመቃብር ሌባ ነው።

ስለዚህ፣ ጓዶች፣ ጉድጓድ መጻፋችሁን አትተዉ! ከጆንሰን ትዕግሥቱን ውሰዱ፤ ከላሊበላ ጨለማውን፤ ከጌዴኦ አክብሮቱን። ጀግናችሁ ወርቅ ይዞ ከመውጣቱ በፊት ግን «የማን ቤት ነው የገባሁት?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱን ካገኘ ወርቁን ምናልባት እዚያው ይተወዋል፤ ድርሰቱም ከዚያ ይጀምራል።