ፍቅፋቂ የማያወጣ ብረት

ከቲታኒየም ቅይጥ የተሠራ ነው። ከአውራ ጣት ይቀጥናል፤ ርዝመቱ እንደ ታካሚው ቁመና ከ8 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ግድም ይሆናል። ጫፉ ላይ ሰፋፊ ክንፎች አሉት፤ ቀጥ ብለው የቆሙ ሳይሆኑ ዝግ ብለው እየዞሩ የሚሄዱ ናቸው። እንደ ብሎን ጥርስ የለውም። መሀሉ ለመሪ ሽቦ ተበስቷል፤ አንዳንዱ ደግሞ ጫፉ አካባቢ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፣ ወደ እነሱ በኋላ እመለሳለሁ። ጥምዝ ስለት ልበለው። ወደ ሰው ገላ የሚገባ ብረት ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ከሁሉም ግን ይህን ሳይ ነው ሠሪው ስንት ነገር እንዳሰበ የሚገባኝ።

የታሰበውም ለደካማ አጥንት ነው። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እናት ሌሊት ለሽንት ሲነሡ ምንጣፍ ያደናቅፋቸዋል። ወጣት ቢሆን ተነሥቶ ልብሱን አራግፎ የሚሄድበት አወዳደቅ ነው፤ እሳቸውን ግን የጭናቸውን አጥንት ከዳሌው ሥር ለሁለት ይከፍልባቸዋል። በየሠፈሩ «እማማ ከወደቁ ወዲህ ከአልጋ አልተነሡም» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለዚሁ ስብራት ነው።

ጥገናውን ለማድነቅ አስቀድሞ አጥንቱን ማየት ያስፈልጋል። የጭን አጥንት ራስ ቢሰነጠቅ ውስጡ ድፍን አይደለም፤ እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ ነው። ዓይኖቹ ግን እንዲሁ በዘፈቀደ የወጡ አይደሉም። በ1860ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሄርማን ፎን ማየር የተባለ የአናቶሚ ሊቅ ዙሪክ ውስጥ የአጥንትን ውስጥ ሲያሳይ፣ ካርል ኩልማን የተባለ መሐንዲስ ቀጫጭኖቹ የአጥንት ዘንጎች የተሰለፉበትን መስመር ለየው፤ እሱ ራሱ ለክሬን ሲያሰላ የሚስላቸው የጫና መስመሮች ነበሩ። አንዱ ዘለላ ከአጥንቱ ራስ ወደ ታች ወርዶ የሰውነትን ክብደት ይሸከማል፤ ሌላው በላይ በኩል ቀስት ሠርቶ ስበቱን ይይዛል። (የኩልማን ተማሪ የነበረው ሞሪስ ኮሽላን በኋላ የኤፍል ማማን የመጀመሪያ ንድፍ ከሠሩት አንዱ ሆኗል። ከዚህ ተነሥተው ማማው የጭን አጥንት ቅጂ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የተጋነነ ይመስለኛል።)

አጥንት ሲሳሳ ዓይኖቹ ይሰፋሉ፣ በመካከላቸው ያሉት ዘንጎች ይቀጥናሉ፣ ብዙዎቹም ይበጠሳሉ። አጠፋፋቸው ግን እኩል አይደለም። ጫና የማይበዛባቸው ቀድመው ይሄዳሉ፤ ዋናው ተሸካሚ ዘለላ እስከ መጨረሻው ይቆያል። ስለዚህ እጅግ በሳሳ አጥንት ውስጥም ቢሆን፣ ዘለላዎቹ በሚገናኙበት በአጥንቱ ራስ መሀል የተረፈ አጥንት ይገኛል። ከዚህ በኋላ የማወራው ሁሉ ያችን ትርፍ ሳያባክኑ የመጠቀም ጉዳይ ነው።

ብሎን የሚይዘው ጥርሱ የሚነክሰው ሲያገኝ ነው። በጤነኛ አጥንት ሐኪሙ ባጠበቀ ቁጥር እጁ ላይ እየከበደው ይመጣል። በሳሳ አጥንት ግን ከበድ ብሎ ሳለ ድንገት ይለቃል፤ ከዚያ ወዲያ ቢዞር ቢዞር አይጠብቅም። የባሰው ደግሞ ወፍራም ብሎን ለማስገባት አስቀድሞ መሰርሰር ግድ መሆኑ ነው። ከቀረችው ጥቂት አጥንት ላይ እየፈቀፈቁ ያወጣሉ፣ ባዶ ባደረጉት ቦታ ብረት ያስገባሉ።

ጥምዙ ስለት ይህን አይቀበልም። የአጥንቱ ውጫዊ ቅርፊት ጠንካራ ስለሆነ እሱ ብቻ በመሰርሰሪያ ይከፈታል። ከዚያ ስለቱ በመሪው ሽቦ ላይ ተሰክቶ በመዶሻ ቀስ እየተባለ ይመታል። በተመታ ቁጥር በገዛ ጥምዙ እየዞረ ይገባል፤ ማንም አያዞረውም። በመንገዱ የሚያገኛቸውን ቀጫጭን ዘንጎች ቆርጦ አያወጣቸውም፣ ወደ ጎን እየገፋ ያጭቃቸዋል። ቦታው ሲደርስ በዙሪያው ያለው አጥንት ቀድሞ ከነበረው ይልቅ የታጨቀ ነው፤ ፍቅፋቂ የሚባል አይወጣም። ከዚያ ሐኪሙ ይቆልፈዋል። ሲገባ እንደ ልቡ የዞረው ብረት ከተቆለፈ በኋላ አይዞርም፤ ሰፋፊዎቹ ክንፎችም የተሰበረው የአጥንት ራስ በላዩ ላይ እንዳይሽከረከር ይይዙታል። ሲገባ መንገድ የመራው ጥምዝ ከገባ በኋላ መሽከርከርን ይከለክላል። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ቁጠባ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ስለቱ ትክክለኛ ቦታውን ካላገኘ ከንቱ ነው። ቀዶ ጥገናው ሳይጀመር ታካሚዋ በልዩ ጠረጴዛ ላይ ይተኛሉ፤ እግራቸው ይጎተታል፣ በመጠኑ ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ስብራቱ ይገጥማል። (ጎትቶ ማቅናትን ወጌሻም ያውቃል፤ እዚህ ግን መግጠም አለመግጠሙ በኤክስሬይ ይታያል።) ከዳሌው በላይ በተከፈተች ትንሽ ቀዳዳ ረጅም የብረት ዘንግ በመቅኔው መስመር ይወርዳል፤ ስለቱ የሚያልፈው በዚህ ዘንግ ውስጥ በተበሳ ቀዳዳ ነው። መሪው ሽቦ ወደ አጥንቱ ራስ ሲገባ ከፊት ይታያል፣ ከጎንም ይታያል። ከፊት ሲያዩት መሀል ላይ ያለ ሽቦ ከጎን ሲያዩት አፈንግጦ ሊገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ነቅሎ እንደገና ማስገባት ነው። ጥሩ እጅ የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሽቦ ነቅሎ መመለስ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ቢሆንም ሰው ሲደክመው «ይበቃል» ማለት ይቀናዋል።

አሜሪካዊው ማይክል ባምጋርትነርና ባልደረቦቹ በ1995 ለዚህ ጥንቃቄ ቁጥር አበጁለት። በሁለቱም ምስሎች ከብረቱ ጫፍ እስከ አጥንቱ ራስ አናት ያለውን ርቀት ለክተው ደመሩት። ድምሩ ከ25 ሚሊ ሜትር ባልበለጠባቸው 120 ስብራቶች ውስጥ ብሎኑ አጥንቱን ቀድዶ የወጣበት አንድም አልነበረም። ልኬታቸው የብሎን ነው፤ ለስለት ሲሆን ጫፉን ወደ አናቱ እጅግ ማስጠጋትን የማይወዱ ሐኪሞች አሉ፣ ምክንያትም አላቸው።

ስለቱ እንከን አለው፤ እንከኑም የመጣው ከዚያው ከውበቱ ነው። ጥርስ ስለሌለው በገባበት መስመር ወደፊት መንሸራተት ይችላል። አጥንቱ እጅግ ሲሳሳ፣ ታካሚዋ በተራመዱ ቁጥር በጥቂቱ እየገፋ ሄዶ የአጥንቱን ራስ በስቶ ወደ መገጣጠሚያው የሚወጣበት ጊዜ አለ። ጥቃቅኖቹ ቀዳዳዎች የተበሱት ለዚህ ነው፤ ሲሚንቶ ይወጣባቸዋል።

የአጥንት ሲሚንቶ ከግንባታው ሲሚንቶ ጋር ዝምድና የለውም። አክሪሊክ ነው፣ ፕሌክሲግላስ ከሚሠራበት ወገን። እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሰው ሠራሽ ዳሌ አጥብቆ የሚተክልበት ነገር ሲፈልግ፣ ይህን የጠቆመው ማንቸስተር ውስጥ የጥርስ ሕክምና ቁሳቁስ ያጠና የነበረው ዴኒስ ስሚዝ ነው። ዱቄትና ፈሳሽ ይቀላቀላሉ፤ ውሁዱ መጀመሪያ ይጣበቃል፣ ቀጥሎ ለጥቂት ደቂቃዎች ለሥራ ይመቻል፣ ከዚያ እየጋለ ይደርቃል። ክፍሉ ሞቃት ከሆነ ይቸኩላል፣ ከቀዘቀዘ ይዘገያል፤ ስለዚህ ሰዓት የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ሙጫ አይደለም፤ የሚይዘው በአጥንቱ ዓይኖች ውስጥ ሰርጎ ሲደርቅ ነው። እዚህ ጋ ነገሩ ይገለበጣል፤ ለብሎን ጠላት የነበረው የሳሳ አጥንት ሰፊ ዓይን ለሲሚንቶ ጥሩ መግቢያ ይሆናል።

አገባቡን በዝግታ ማየት ደስ ይላል። መጀመሪያ በስለቱ ውስጥ በኤክስሬይ የሚታይ ፈሳሽ ይላካል። ፈሳሹ ወደ መገጣጠሚያው ካመለጠ ሽቦው ወይም ስለቱ የአጥንቱን ራስ በስቶታል ማለት ነው፤ ሲሚንቶው ይቀራል። ካላመለጠ በጎኑ አፍ ያለው ቀጭን ቱቦ ይገባል። ሐኪሙ ለሰመመን ሰጪው ሲሚንቶ ሊጀምር መሆኑን ይነግረዋል፣ የደም ግፊት ሊወርድ ይችላልና። ከዚያ በትንሽ ስሪንጅ ጥቂት ይገፋል፤ ኤክስሬይ። የቱቦው አፍ ወደ ላይ ይዞራል፣ ጥቂት፤ ኤክስሬይ። ወደ ታች፣ ወደ ጎን። በጠቅላላ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ግድም ቢገባ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ። ከበዛ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ወደ ስብራቱ መስመር ከፈሰሰ ደግሞ ስባሪዎቹ እንዳይገናኙ ይጋርዳል። ሲሚንቶ አጥንት አይሆንምና ስብራቱ የሚድነው በአጥንቱ ነው፤ ብረቱና ሲሚንቶው እስኪድን ይሸከሙለታል።

ሲሚንቶ በመርፌ ወደ አጥንት መስደድ የተጀመረው በዳሌ አይደለም። በ1984 ፈረንሳይ፣ አሚየን ውስጥ፣ ጋሊቤርና ዴራሞን የአንገት አከርካሪን በዚህ መንገድ ሞሉ። ዘዴው በአረጋውያን የተጨፈለቀ አከርካሪ ላይ በሰፊው ተስፋፋ፤ በ2009 ግን ሁለት ጥናቶች በይስሙላ ከተደረገ ሕክምና ተሽሎ እንዳላገኙት አሳወቁ። የሲሚንቶ ምስል በኤክስሬይ ላይ ሲያዩት ያረካል፤ ያ እርካታ ግን የታካሚው ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ በዳሌውም ላይ ልኩን ማወቅ ይበጃል። በ2018 የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ፤ ለግማሾቹ ስለት ብቻ፣ ለግማሾቹ ስለትና ሲሚንቶ። በአረማመዳቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ነገር ግን ሲሚንቶ ካልተጨመረላቸው 6ቱ ብረቱ ከድቷቸው እንደገና ቀዶ ጥገና ገቡ፤ ከተጨመረላቸው አንድም አልገባም። በሰማንያ አምስት ዓመት ዳግመኛ ሰመመን ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ያም ሆኖ ለሁሉም ሰው ይጨመር አልልም። ዋጋ አለው፤ ኢንፌክሽን ቢመጣና ይውጣ ቢባል የደረቀ ሲሚንቶ ማውጣት ከባድ ሥራ ነው፤ ቦታውን የሳተ ስለትንም አያቃናም።

ደግሞም የተጠገነው አንዱ ዳሌ ነው። ሌላው ዳሌ፣ አከርካሪውና የእጅ አንጓው እንደሳሱ ናቸው። በ2007 የወጣ ትልቅ ጥናት ከዳሌ ስብራት ጥገና በኋላ በ90 ቀናት ውስጥ ተጀምሮ በዓመት አንዴ በደም ሥር የሚሰጥ ዞሌድሮኒክ አሲድ አዲስ ስብራትን በ35 በመቶ፣ ሞትን በ28 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። የሳሳ አጥንት ሕክምና በደንብ ተስፋፍቷል በሚባልባቸው ሀብታም አገሮች እንኳ ብዙ አረጋውያን ዳሌያቸው ተጠግኖ ከሆስፒታል ሲወጡ እንዲህ ያለ መድኃኒት አይታዘዝላቸውም፤ ሽቦውን ሁለት ጊዜ ነቅሎ ያስተካከለ ሐኪም ማዘዣ ሳይጽፍ ሲሸኛቸው ያበሳጨኛል።