ጉጠት ይዞ የሚመጣ እንግዳ

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉ የቦረና፣ የወግዲና የለጋምቦ ገጠሮች ጥርሱን ያመመው ሰው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ሌላው መላ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። መጀመሪያ ቅርንፉድ ይነከሳል፤ ነጭ ሽንኩርት በጨው ተወቅጦ ጥርሱ ላይ ይያዛል። አልበርድ ካለ የእምቧይ ወይም የአስተናግር ፍሬ ፍም ላይ ይበተንና ታማሚው ተከናንቦ ጭሱን ወደ አፉ ይስባል። የጥርስ ትል ይወጣል ተብሎ ነው። የአስተናግር ጭስ ለጊዜው ማስታገሱ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ተክሉ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ኃይለኛ ንጥረ ነገሮች አሉት። መጠኑ ሲያልፍ ግን ሰውን ያቃዣል፣ ለሞትም ያደርሳል። ጥርስ ውስጥ ደግሞ ትል የለም፤ ያለው ስኳርን ወደ አሲድ የሚለውጥ ባክቴሪያ ነው። ጭሱም ሳይረዳ ሲቀር የሚታሰበው መንደሩ የሚያውቀው ጥርስ ነቃይና ጉጠቱ ነው።

የበጎ ፈቃድ የጥርስ ሕክምና ቡድን ከአዲስ አበባም ይምጣ ከባሕር ማዶ፣ የሚያገኘው ይህን ሁሉ መንገድ ጨርሶ የመጣውን ሰው ነው። ስለዚህ የሚጠብቀው ሥራ በአብዛኛው መንቀል ይሆናል። ከሥሩ መግል የቋጠረው መንጋጋ በነርቭ ሕክምና ሊድን ይችል እንደነበር ሐኪሙ ያውቃል። ነርቭ ማከም ግን ራጅ፣ መብራትና ተደጋጋሚ ቀጠሮ ይፈልጋል፤ ቡድኑ ደግሞ ሳምንቱ ሲያልቅ ዕቃውን ጭኖ በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ ይመለሳል። ታዲያ ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው የተነቀለው ጥርስ ብዛት ነው። ቁጥሩ የደከመውን ሐኪም ልፋት ያሳያል፤ በሚቀጥለው ወር ፊቱ አብጦ የሚነሳው ገበሬ ወዴት እንደሚሄድ ግን አይናገርም። የዚህ ሙያ ትልቁ ጥያቄ ያለው እዚህ ላይ ነው።

መንቀልን ተራ ሥራ አድርጎ የሚያይ ሰው ብዙ ነው። ተራ አይደለም። የታችኛውን የመንጋጋ ጥርስ እንውሰድ። ባለሙያው ጉጠት ከማንሳቱ በፊት ይጠይቃል፦ ደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ እርግዝና፣ ከዚህ በፊት ሲቆስሉ ደም አልቆም ብሎ ያውቅ እንደሆነ። ከዚያ በጣቱ ከአገጭ ሥር ይዳስሳል። እብጠቱ ጠንክሮ ወደ አንገት ከወረደ፣ ሰውየው ምራቁን መዋጥ ከተቸገረ ወይም ምላሱ ወደ ላይ ከተገፋ ያ ቀን የመንቀያ ቀን አይደለም። እንዲህ ያለው ኢንፌክሽን የአየር መተላለፊያን ዘግቶ ሰው ይገድላል፤ ሕመምተኛው በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። ወረፋው ረዝሞ ፀሐይ እየከረረ እያለ ይህንን ሰው ለይቶ ማውጣት፣ መቶ ጥርስ ከመንቀል የበለጠ ሙያ ነው።

ከዚያ ማደንዘዣ። ልምድ የሌለው ወግቶ ወዲያው ይጀምራል፤ ልምድ ያለው ይጠብቃል። የጥርስ ወንበር በሌለበት ጤና ኬላ ታማሚዋ ግድግዳ ጥግ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ብርሃኑ የሚመጣው ከሐኪሙ ግንባር ላይ ካለው ባትሪ ነው። «እማማ፣ ከንፈርዎ ከበደዎት?» ይላል። «ኧረ የእኔም አይመስለኝ» ይላሉ። መልሱ ይህ ሲሆን መርፌው ቦታውን አግኝቷል። «አብሽሩ እማማ፣ ሲገፋ ይሰማዎታል እንጂ አያምዎትም።» ይህችን ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ መናገር ግማሽ ማደንዘዣ ነው፤ ግፊትን እንደ ሕመም ቆጥረው ብድግ የሚሉት ያልተነገራቸው ናቸው።

ረዳቱ ከኋላ ጭንቅላታቸውን ይደግፋል፣ በሌላ እጁ መንጋጋቸውን ከሥር ይይዛል፤ ካልተያዘ የመንጋጋው መጋጠሚያ ሊወልቅ ይችላል። ጉጠቱ ወደ ላይ አይጎትትም። መጀመሪያ ወደ ታች፣ ወደ ሥሩ ይገፋል፤ ቀጥሎ ቀስ እያለ ወደ ጉንጭ፣ ደግሞ ወደ ምላስ ይገፋዋል፤ ችካል የሚነቅል ሰው ግራና ቀኝ እየወዘወዘ መሬቱን እንደሚያላላው አጥንቱን ያሰፋዋል። የቸኮለ እጅ ሥሩን ሰብሮ ያስቀራል። ጥርሱ ሲወጣ የተጠቀለለ ጎዝ ለግማሽ ሰዓት ይነከሳል፤ በዚያ ቀን መጉመጥመጥና ደጋግሞ መትፋት ክልክል ነው፣ ምክንያቱም ጉድጓዱ ውስጥ የረጋው ደም የቁስሉ መሸፈኛ ነው። በማግስቱ ለብ ያለ የጨው ውኃ ይጀመራል። ዋናው ምክር ይኸው ነው፤ በፈረንጅኛ ተነግሮ በአስተርጓሚ ሲያልፍ ግን ብዙ ጊዜ ጨዋማው ውኃ ለዚያው ምሽት ይሆንና ደሙ ሌሊቱን ይፈሳል። የቋንቋው ሰው ከጉጠቱ እኩል የሚያስፈልግ መሣሪያ ነው።

ጥርስ ለመንቀል ከመድረሱ በፊት መያዝም ይቻላል፤ ለዚያም መብራት የግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ሆላንዳዊው ዮ ፍሬንከን ታንዛኒያ ውስጥ ሲሠሩ ያለ መሰርሰሪያ በእጅ መሣሪያ ብቻ ጥርስ የሚሞላበትን መንገድ አበጁ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1994 የዓለም ጤና ቀን ላይ ለአገሮች አስተዋወቀው። የበሰበሰው የጥርስ ክፍል በትንንሽ ማንኪያ መሰል መሣሪያ ይፈቀፈቃል። ጠንካራው ክፍል ሲገኝ ጉድጓዱ ይጸዳና ይደርቃል። ግላስ አዮኖመር የሚባለው ዱቄት ከፈሳሹ ጋር ተለውሶ ይሞላል፤ ቫዝሊን የተቀባ ጣት ለጥቂት ጊዜ ይጫነዋል። ታካሚው ለአንድ ሰዓት ምግብ አይቀምስም። ሙሌቱ ጥርሱን አጥብቆ ይይዛል፣ ፍሎራይድም ይለቃል። አብዛኛው ሰው ማደንዘዣ እንኳ አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2021 ድርጅቱ ይህንኑ ግላስ አዮኖመር፣ ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙናና መበስበስን የሚያቆመውን ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። የመጨረሻው በትንሽ ብሩሽ የሚቀባ ፈሳሽ ነው፤ የበሰበሰውን ቦታ ግን እስከወዲያኛው ያጠቁረዋል። ልጁ ጥቁር ጥርስ ይዞ ቤት ከገባ በኋላ ለእናቱ ከማስረዳት አስቀድሞ መንገር ይሻላል።

ከዚያው ከታንዛኒያ ሌላም ትምህርት አለ። በምዋንዛ አካባቢ የጀመረው ብሪጅ ቱ ኤይድ የተባለው የእንግሊዝ የጥርስ በጎ አድራጎት ድርጅት ፈቃደኛ ሐኪሞቹን በዋናነት ለመንቀል አላሰለፋቸውም። ከገጠር ጤና ባለሙያ ጎን ቆመው ማደንዘዣ አወጋጉን፣ አነቃቀሉንና መሣሪያ ማምከኑን እንዲያስተምሩ አደረገ። ፈቃደኛው ሲሄድ እጁ የሠለጠነው ሰው እዚያው ይቀራል። ለጥርስ ሐኪም ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ራሱ በአሥር ደቂቃ የሚጨርሰውን ሥራ ሌላው ሲያስቸግረው እጁን አጣምሮ ማየት አለበት። የበጎ ፈቃድ ዋጋው ግን እዚያ ትዕግሥት ላይ ነው።

ይህ ለአማራ ክልል አዲስ ሐሳብ ነው የሚል ካለ ወደ ዓይን ይመልከት። ትራኮማ የዐይንን ቆብ ወደ ውስጥ እያጠፈ፣ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየፋቀ የሚያሳውር በሽታ ነው። በክልሉ ይህን የሚዋጋው ሥራ ውስጥ ከካርተር ማዕከል ጋር ለብዙ ዓመታት የዘለቁት የላየንስ በጎ አድራጎት ክለቦች ናቸው። የታጠፈ ቆብ የሚያቃናው ቀዶ ሕክምና በየጤና ጣቢያው ይሰጣል፤ የሚሠሩትም ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶችና ጤና ባለሙያዎች እንጂ ከውጭ የሚመጡ ስፔሻሊስቶች አይደሉም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ «ማልትራ» እየተባለ በሚጠራው የወባና የትራኮማ ሳምንት ፋይዘር በነፃ የሚሰጠው ዚትሮማክስ የተባለ መድኃኒት በየቀበሌው ታድሏል። መጠኑ የሚለካው ደግሞ በቁመት ነው፦ ምልክት የተደረገበት ዘንግ ይቆማል፣ ልጁ ይጠጋል፣ ራሱ የደረሰበት ምልክት የሚወስደውን መጠን ይነግራል። ሚዛን ተሸክሞ ዳገት መውጣት የለም። ገንዘቡ ከሩቅ ክለብ፣ መድኃኒቱ ከሩቅ ፋብሪካ ይመጣ እንጂ ዘንጉን የያዘችው የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ናት። ሮታሪም እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ክለብና ሲያትል የሚኖሩት ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሮታሪ አባል ዕዝራ ተሾመ እየመሩ ያመጧቸው አሜሪካውያን ቤት ለቤት የፖሊዮ ጠብታ ሲያንጠባጥቡ በር የሚያስከፍትላቸው የሰፈሩ ሰው ነበር። ዐይን ቆብ የሚያቃና ነርስ ማሠልጠን ከተቻለ ጥርስ የሚነቅልና የሚሞላ ነርስ ማሠልጠን የማይቻልበት ምክንያት አይታይም።

የወሎ ገጠር ከዚህ ሁሉ በፊት የነበረ የራሱ አገልግሎት ማኅበር አለው፤ ቅሬ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ይቀባበራል፣ የታመመውን በወሳንሳ አንስቶ እየተፈራረቀ እስከ መኪና መንገድ ያደርሳል፤ ሲጠራ የቀረ ይቀጣል። ወደዚህ አገር የሚመጣ የጥርስ ቡድን ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ፈቃዱን ካገኘ በኋላ ቀጥሎ መሄድ ያለበት ወደ ቅሬው ዳኛ ነው። ወረፋ በማስያዝ ብቻ አይደለም ጥቅሙ። የትኛዋ ሴት ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ ማን የግፊት መድኃኒት እንደጀመረ፣ ማን መርፌ ሲያይ እንደሚወድቅ የሚያውቀው ቅሬው ነው። ቡድኑ ከሄደ ከሦስት ቀን በኋላ የአንዱ ሰው ፊት ቢያብጥ አንስቶ የሚያደርሰውም እሱ ነው።

ቅሬው ሌላም ጉዳይ አለው፤ ግግ። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው ድዱ ላይ ነጣ ብሎ የሚያብጠውን ነገር የሕመሙ ምንጭ አድርጎ በስለት ማውጣት ኢትዮጵያ ውስጥ ሰፊ ልማድ ነው፤ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ለማስወገድ የተቋቋመው ማኅበር እንጥል ከማስቆረጥ ጋር ሲታገለው ኖሯል። ያ ነጭ እብጠት ገና ያልበቀለ የወተት ክራንቻ ነው። ሲፈለፈል ልጁ ደም ያጣል፤ ስለቱ ቴታነስም ሌላም ኢንፌክሽን ሊያስገባ ይችላል። ከሥሩ ያለው የቋሚው ጥርስ ጽንስም ሊጎዳ ይችላል፤ ያኔ ልጁ ሲያድግ ክራንቻው ጠማማ ሆኖ ይወጣል፣ አልያም አይወጣም። ለተቅማጡ መድኃኒቱ ኦ.አር.ኤስ. እና ዚንክ ነው። ይህን ግግ ላስወጡ አያት የሚናገር ሰው ቁጣ አይረዳውም፤ እሳቸው የልጅ ልጃቸውን ለማዳን ነው ያደረጉት። የተሻለው መንገድ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላውን፣ ክራንቻው የጎደለውን ልጅ አቅርቦ ድዱን አብሮ ማየት ነው። በቅሬ ስብሰባ ላይ እንዲህ የታየ ነገር ከአንዲት የቤት ጉብኝት ይልቅ ሩቅ ይሄዳል።

አፍን ማየት የለመደ የአገር ሰው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ኖማ ከሁሉ በላይ ያሳያል። ኖማ በምግብ እጥረት የተጎዳ፣ ብዙ ጊዜም ከኩፍኝ ያገገመ ትንሽ ልጅ ድድ ላይ በቁስል ይጀምራል፤ በቀናት ውስጥ ጉንጭና አጥንት ይበላል፣ ካልታከመም አብዛኞቹን ይገድላል። በክሪስ ሎውረንስ የተመሠረተው ፌሲንግ አፍሪካ የተባለው ድርጅት የእንግሊዝና የሌሎች አገሮች ፈቃደኛ ቀዶ ሐኪሞችን ለዓመታት ወደ አዲስ አበባ እያመጣ ከዚህ በሽታ የተረፉ ኢትዮጵያውያንን ፊት ሲጠግን ኖሯል። ፕሮጀክት ሐረርም ፊታቸው የተጎዳ ሰዎችን ከሩቅ ገጠር እያፈላለገ ለሕክምና ያደርሳል። የእነዚህ ሐኪሞች ሥራ ክብር የሚገባው ነው፤ ለዓመታት ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ የኖረ ሰው አደባባይ እንዲወጣ አድርገዋል። ሆኖም ያው በሽታ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢታይ ተራ አንቲባዮቲክ፣ አፍ ማጽዳትና ምግብ ያስቆመዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ተራ ያስገባው በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ነው። አንዲት ጤና ኤክስቴንሽን ክብደት ልትመዝን ያቀፈችውን ልጅ ከንፈሩን ገለጥ አድርጋ ድዱን በባትሪ እንድታይ የሚያስፈልጋት የአንድ ቀን ሥልጠናና አንድ ባትሪ ነው።

የቅርብ ዓመታትም የአገሬውን ባለሙያ አስፈላጊነት አጥብቀውታል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ሲደርስ የከተማዋ ሆስፒታል ተዘረፈ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ በተደጋጋሚ ይዘጋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የውጭ ቡድን አይመጣም፤ ከገጠር ቀበሌ ወደ ደሴ ሪፈር የተባለም መንገዱ እስኪከፈት ይጠብቃል። ማደንዘዣ መውጋት የሚችል፣ የመከነ ጉጠት ያለው ነርስ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ካለ ጥርሱ የሚያመው ሰው ሌሊቱን ይተኛል። ከሌለ ወደ መንደሩ ጉጠት ይመለሳል።

መንገዱ ሲከፈት ለሚመጣው ቡድን ጊዜ መምረጥ የሙያው አካል ነው። በረመዳን የሚመጣ ቡድን ደም መዋጥ ጾም ያስፈታል ብለው የሚሠጉ ሰዎችን ያገኛል፤ ማደንዘዣውም ያሳስባቸዋል። በአጨዳ ወቅት የሚመጣ ደግሞ ወንዶቹን አያገኝም። ከአጨዳና ከውቂያ በኋላ፣ ገበያ ከሚውልበት ቀን ጋር ተያይዞ ሲሆን ሰው ይመጣል። ከሻንጣው ውስጥ ለአገሩ የሚቀረውም አስቀድሞ ይታሰብ፦ ለላይና ለታች፣ ለፊትና ለመንጋጋ የሚሆኑ ጉጠቶች፣ ጥርስ ማላሊያ ኤሌቬተሮች፣ በከሰል ምድጃ ላይ የሚጣድ የግፊት ማምከኛ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሚገኝ እንጂ ከውጭ ብቻ የሚመጣ ያልሆነ ማደንዘዣና የሙሌት ዱቄት። ከሁሉ ጋር አንድ ጠንካራ መዝገብ፤ የታካሚው ስም፣ ቅሬው፣ የትኛው ጥርስ፣ ምን እንደተሠራለት፣ ሠልጣኙ ነው ወይስ አሠልጣኙ የሠራው። ቡድኑ በዓመቱ ሲመለስ መጀመሪያ የሚከፈተው ይህ መዝገብ ነው። ሙሌታቸው የወደቀባቸው ሰዎች በየቅሬያቸው ተጠርተው ከአዲሶቹ ቀድመው ይታያሉ፤ ሙሌቱ ለምን እንደወደቀም የሞላው ነርስ ራሱ አፋቸውን ከፍቶ ያያል።