ስሙ ወይስ ዓይኑ?

ለወሎ ሰፈር ወጣት ፎቶግራፍ አንሺ ያገለገለ ሬንጅፋይንደር ካሜራ መግዛት የዋጋ ብቻ ሳይሆን የሂስም ጥያቄ ነው። አብዛኛው ገዢ ግን ስም ይገዛል። እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ወላጅ አልባ ልጆች ባደጉበት በካርኪቭ ኮሙን የተሠራው ፌድ የላይካ 2 ቅጂ ነበር። በኋላ ነጋዴዎች በብዙ ፌድና ዞርኪ ላይ «ላይካ» ብለው ቀረጹ፤ የሠራተኛውም ድካም በሐሰት ስም ተሸፈነ።

ቅርጹ ግን ብርሃን አያሳልፍም። ገዢው ጎዳና ላይ ቆሞ ሩቅ ሕንፃ ይመልከት፤ ሌንሱ እስከ መጨረሻው ርቀት ሲዞር በመመልከቻው የሚታዩት ሁለት ምስሎች አንድ ካልሆኑ ርቀት መለኪያው ተዛብቷል። ሌንሱንም ወደ ብርሃን አንሥቶ ሻጋታና ጭጋግ ይፈልግ። መሣሪያውን በዝና የሚመርጥ፣ ሥዕሉንም በዝና ከመመዘን አይድንም።