ኬንዳማ፣ የጉልበት ጨዋታ

የጃፓኖቹ ኬንዳማ ባትሪ የለው፣ ስክሪን የለው፤ እንጨት፣ ሲባጎና የተበሳች ኳስ ብቻ ነው። እጀታው ሦስት ጽዋ አለው፦ ትልቁና ትንሹ ግራና ቀኝ፣ ሦስተኛው ከግርጌ፤ አናቱ ላይ ሹል። በኤዶ ዘመን የመጠጥ ጨዋታ ነበር አሉ፤ የሳተ ይጠጣል። የዛሬውን ቅርጽ ያወጣለት ሃማጂ ኤጉሳ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1919 አስመዘገበው። በእንጨት ሥራ የታወቀችው የሂሮሺማዋ ሃትሱካይቺም በብዛት አመረተችው።

ጀማሪ ሁሉ ኳሷን በክንዱ ሊወረውራት ይሞክራል፤ አይሆንም። ተንጠልጥላ እስክትረጋ ጠብቁ። ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉና ቀና ስትሉ ቀጥ አድርጋችሁ ሽቅብ ሳቧት፤ ስትወርድ አብራችኋት ዝቅ በሉ። ያኔ ትልቁ ጽዋ ላይ ቋ ብላ ታርፋለች። ነጥራ ከወጣች ጉልበታችሁ ደርቋል ማለት ነው። ሹሉን ቀዳዳዋ ውስጥ መሰካት ግን ሌላ ፈተና ነው፤ ኳሷ ትንሽ ከዞረች ቀዳዳው ከየት ይገኛል! እኔ በበኩሌ በየቪዲዮው ከሚታየው ትርኢት ሁሉ ይህችን አንዲት ስክታ እመርጣለሁ።

ለልጅ መጫወቻ የምትፈልጉ ካላችሁ ኬንዳማ ግዙ፤ ለራሳችሁም አንድ ጨምሩ።