ኀይል ቆጣቢ ስለሚባለው የኤል ኢ ዲ ሞኒተር

«ኤል ኢ ዲ፥ ኀይል ቆጣቢ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበትን የኮምፒዩተር ሞኒተር ለቤቱ ሊገዛ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ይኸውም ኤል ኢ ዲ የተባለው ምስሉን የሚሠራው ገጽ ሳይሆን ከበስተጀርባው የሚበራው መብራት ብቻ መሆኑ ነው። ምስሉን የሚሠራው እንደ ቀድሞው ፈሳሽ ክሪስታል ነው። ይህ ገጽ ደግሞ እጅግ አባካኝ ነው፤ ፖላራይዘር የሚባሉት ስስ ሽፋኖችና የቀለም ማጣሪያዎቹ ብርሃኑን ውጠው ስለሚያስቀሩት፥ ከኋላ ከበራው ውስጥ ወደ ዓይናችን የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከዐሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ቆጣቢ የተባለው ዕቃ ዘጠኙን እጅ በሆዱ ያስቀራል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ መብራቱ መለወጡ ከንቱ ነው አልልም። ከእርሱ በፊት የነበሩት ቀጫጭን የፍሎረሰንት ቱቦዎች ሜርኩሪ ነበረባቸው፤ ኤል ኢ ዲ ግን የለበትም፥ ኤሌክትሪክም ያነሰ ይወስዳል።

ነገር ግን የቁጠባውን ልክ በሒሳብ እንመልከት። ባለ ቱቦው 40 ዋት፥ አዲሱ 20 ዋት ይወስዳሉ እንበል። በቀን 6 ሰዓት ቢሠሩ የዓመቱ ልዩነት 44 ኪሎዋት ሰዓት ያኽል ነው። ለዚህ ሲባል ደኅናውን ሞኒተር ጥሎ ሌላ መግዛት፥ በእኔ አስተያየት፥ ኪሳራ ነው። መብራት በሚጠፋበት ቤት ግን ነገሩ ይለወጣል። 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት የሆነ የመጠባበቂያ ባትሪ በስሌት 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ባለ 40 ዋቱ ሞኒተር ብቻውን በ2 ሰዓት ግድም ሲጨርሰው፥ ባለ 20 ዋቱ 4 ሰዓት ያኽል ይቆይበታል። (ኮምፒዩተሩም ከዚያው ባትሪ ስለሚወስድ በተግባር ሁለቱም ያጥራሉ።) ፈተና ለደረሰበት ተማሪ ይህ ከወርኀዊው የመብራት ሒሳብ የሚበልጥ ጉዳይ ነው።

ከሁሉ በላይ ሻጮች የማይነግሩን፥ ቁጠባው ከስሙ ይልቅ በድምቀቱ ልክ የሚወሰን መሆኑን ነው። ብዙዎቹ የቤት ሞኒተሮች እስከ 250 ካንዴላ በስኩዌር ሜትር ድረስ ይደምቃሉ። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤስ አር ጂ ቢ የተባለው የቀለም ደረጃ ግን ለማሳያው ገጽ የወሰነው 80 ብቻ ነው። እንግዲህ ማታ ቤት ውስጥ ለሚያነብ ሰው የሱቁ ድምቀት ምን ያደርግለታል? ድምቀቱን የቀነሰ ኀይሉንም ቀነሰ። በአንጻሩ «ገጹን ጥቁር አድርጉ፥ ኤሌክትሪክ ትቆጥባላችሁ» የሚለው ምክር ለተራው የኤል ኢ ዲ ሞኒተር እምብዛም አይሠራም፤ ገጹ ቢጠቁርም የጀርባው መብራት እንደ በራ ነውና። ምክሩ የሚሠራው እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ ለሚያበራው ኦሌድ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ከመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሞኒተር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት በ1000 ሰዓት ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚወስድ በቁጥር ይናገራል። ገዢው «ቆጣቢ» የሚለውን ቃል ትቶ ይህን ቁጥር ይጠይቅ።

አንድ ነገር ይቀራል። አንዳንዱ ሞኒተር ድምቀቱን የሚቀንሰው መብራቱን በሰኮንድ ብዙ መቶ ጊዜ እያጠፋና እያበራ ነው። ይህ የአንዳንዱን ሰው ዓይን ያደክማል፥ ራስም ያሳምማል፤ ለቁጠባ ብሎ ድምቀቱን ዝቅ ያደረገው ሰው ጉዳቱን ያገኘው በዚያው በቁጠባው መንገድ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ሳይከፈል እዚያው ሱቅ ውስጥ ድምቀቱን ዝቅ፥ ገጹን ነጭ አድርጎ፥ እርሳስ በፊቱ ፈጠን አድርጎ ማወዛወዝ ይጠቅማል፤ የእርሳሱ ጥላ ተያይዞ በመታየት ፈንታ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተለያይቶ ከታየ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ነው።