የሕልም ጉዞና የሌላው ሰው አገር፤ ስለ ሸርሎክ ሆምስ አድናቂዎች ድርሰት የቀረበ ሒስ

አንድ ድርሰት ደራሲው ከፈጸመው በኋላ በአንባቢዎቹ እጅ ተጨማሪ ታሪክ ሲወጣለት መኖሩ በዓለም ላይ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሆነው፥ ይህ ልማድ የብዙ ሰዎች የጋራ የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኖ የራሱን ማኅበር፥ የራሱን ደንብና የራሱን የስጦታ ሥርዓት ማውጣቱ ነው። ሌላ ደራሲ የፈጠራቸውን ሰዎች ተውሰው አዲስ ታሪክ የሚጽፉና ጽሑፋቸውን ያለ ዋጋ ለመሰሎቻቸው የሚያካፍሉ ሰዎች ዛሬ እጅግ ብዙ ናቸው፤ ሥራቸውም የአድናቂዎች ድርሰት ሊባል ይችላል። የሕዝብን ልማድ ለሚመረምር ሰው ይህ ማኅበር ሁለት ነገር ያቀርብለታል። አንደኛው ሰዎች በአንድ ፍቅር ተሳስረው የሚሠሩት የጋራ ሥራ ነው፤ ሁለተኛው በዚያው ሥራ አማካይነት ወዳላዩት አገር የሚያደርጉት የሕልም ጉዞ ነው። ሊጠየቅ የሚገባውም የመጀመሪያው ሁለተኛውን ምን ያህል እንደ ጠቀመውና በምን እንደ ጎደለበት ነው። ለዚህ ምርመራ ረጅም ዕድሜ ያላቸውን የሸርሎክ ሆምስን አድናቂዎች መምረጥ ይበቃል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አርተር ኮናን ዶይል ስለዚህ መርማሪ 4 ረጃጅምና 56 አጫጭር ታሪኮች ጽፏል። በ1893 በታተመው ታሪክ ሆምስ ከጠላቱ ከፕሮፌሰር ሞሪያርቲ ጋር ሲታገል በስዊስ አገር በራይኸንባኽ ፏፏቴ ወድቆ የሞተ መስሎ ቀረ። አንባቢው ግን ሞቱን ስላልተቀበለው ደራሲው በ1903 መልሶ አስነሣው። በታሪኩ ውስጥ ሆምስ የጠፋበት ጊዜ ከ1891 እስከ 1894 ያለው ሦስት ዓመት ነው። የት እንደ ነበረ ለወዳጁ ለዶክተር ዋትሰን የሚነግረው በጥቂት መስመር ብቻ ነው፤ ሁለት ዓመት በቲቤት ተዘዋወረ፥ ላሳ ገብቶ ከታላቁ ላማ ጋር ጥቂት ቀን ሰነበተ፥ በፋርስ አለፈ፥ መካን አየ፥ በካርቱም ከከሊፋው ጋር ተገናኘ፥ የዚህንም ውጤት ለእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አስታወቀ፤ በመጨረሻም በደቡብ ፈረንሳይ በሞንፔልዬ ከተማ የኬሚስትሪ ምርምር አደረገ። ደራሲው ከዚህ በላይ የሚያብራራው ነገር የለም። አድናቂዎቹ ይህን ዘመን «ታላቁ ክፍተት» ብለው ይጠሩታል፤ ከሕልም ጉዞዎቻቸውም ብዙው የተደረገው በዚሁ ክፍተት ውስጥ ነው።

ክፍተቱን የሚሞላው የጋራ ሥራ «ጨዋታው» የሚል ስም አለው። መነሻውም ብዙ ጊዜ በኋላ የካቶሊክ ቄስ የሆነው ሮናልድ ኖክስ በ1911 በኦክስፎርድ ያነበበው ጽሑፍ ነው ይባላል። ኖክስ በቅዱሳት መጻሕፍት ላይ የሚካሄደውን የዘመኑን የታሪክ ምርመራ ዘዴ ወስዶ፥ በቀልድ መልክ ግን በሙሉ ቁም ነገር፥ በሆምስ ታሪኮች ላይ ሠራበት። ከዚያ በኋላ በ1934 በኒው ዮርክ በክሪስቶፈር ሞርሊ መሪነት አንድ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1951 ደግሞ ሌላ ማኅበር በለንደን ተመሠረተ። አባላቱ ግብር ያበላሉ፥ ጽዋ ያነሣሉ፥ ካርታ ይሥላሉ፥ የባቡር መነሻ ሰዓት ይመረምራሉ፥ የእያንዳንዱን ታሪክ ቀን ለመወሰን ይከራከራሉ። በ1968 የለንደኑ ማኅበር አባላት የ19ኛውን መቶ ዓመት ልብስ ለብሰው ወደ ራይኸንባኽ ተጕዘው የሆምስንና የሞሪያርቲን ትግል በስፍራው አሳይተዋል። ሕልሙ ወደ እግር ጉዞ፥ ጉዞውም ወደ ተሳላሚነት ተለወጠ ማለት ነው።

የጨዋታው ዋና ደንብ መጽሐፉ አልተሳሳተም ብሎ መነሣት ነው። የዋትሰን ስም ጆን ሆኖ ሳለ ሚስቱ በአንድ ታሪክ ጄምስ ብላ ትጠራዋለች። ደራሲዋ ዶረቲ ሴየርስ ይህን ስትፈታ፥ በስሙ መካከል ያለችው ፊደል ሄሚሽ የሚለውን የስኮትላንድ ስም ታመለክታለች፥ ሄሚሽም ጄምስ ማለት ነው አለች። የአንድምታን ትምህርት ለሚያውቅ ሰው ይህ አካሄድ ባዕድ አይሆንበትም፤ በንባብ የተጣላው በትርጓሜ ይታረቃል፥ አንዱ ሐሳብ ሌላውን ሳይሽር «አንድም» እየተባለ ይጨመራል። ልዩነቱ የአንድምታው መምህር የሚያምነውን ሲያስተምር የሆምስ ተጫዋች ግን እንደሚያምን ሆኖ መጫወቱ ነው። ቢሆንም ሁለቱም ቃሉን በጥንቃቄ መያዝን ይጠይቃሉ። የጨዋታው ክብርም በዚህ ጥንቃቄ ላይ የቆመ ነው።

በዘመናችን የማኅበሩ በር ሰፍቷል። የኒው ዮርኩ ማኅበር እስከ 1991 ድረስ ሴቶችን በአባልነት አይቀበልም ነበር፤ የዛሬዎቹ አድናቂ ደራስያን ግን በብዛት ሴቶች ናቸው። ሥራቸውን የሚጠብቅ፥ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በ2007 ተመሥርቷል፤ ያቋቋመው የድርሰት ግምጃ ቤትም በ2019 የሁጎን ሽልማት አግኝቷል። የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሆምስን ወደ ዛሬዪቱ ለንደን አምጥቶ ባሳየው ተከታታይ ድራማ መርማሪው በጥር 2012 የሞተ መስሎ ተሰወረ፤ የተመለሰውም በጥር 2014 ነው። አድናቂዎቹ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ክፍተቱን በራሳቸው ታሪክ ሲሞሉ ቆዩ። በ1893 የተጀመረው ነገር በአዲስ ትውልድ ተደገመ።

በእነዚህ ደራስያን መካከል ከሁሉ የሚደነቀው ልማድ ጽሑፍን ከመውጣቱ በፊት ለባልንጀራ አስነብቦ ማሳረም ነው። ከዚህም ውስጥ አንድ የተለየ ዘርፍ አለ። ደራሲዋ አሜሪካዊት ሆና ታሪኳ በለንደን የሚፈጸም እንደ ሆነ፥ የእንግሊዝ ተወላጅ የሆነ አንባቢ ትፈልጋለች፤ እርሱም የአነጋገሩን፥ የሻዩን፥ የትምህርት ቤቱንና የመንገዱን ስሕተት ነቅሶ ይመልስላታል። ይህ ያለ ክፍያ የሚሰጥ አገልግሎት ነው፤ በውለታ ላይ የቆመ የደቦ ሥራ ሊባል ይገባዋል። በቁም ነገር ሲታይ ደግሞ ከፍ ያለ ሐሳብ በውስጡ አለ፤ አገርን በሕልም የሚጐበኝ ሰው ለባለአገሩ ሊጠይቅ ይገባል የሚል ነው። ጉድለቱ ይህ ልማድ በተለይ ለለንደን የተሠራ መሆኑ ነው። ጽሑፉ ወደ ላሳ ወይም ወደ ካርቱም ሲሻገር ተመሳሳይ ጥያቄ በልማድ አይጠየቅም። የባቡሩን ደቂቃ የሚቈጥረው ጨዋታ እዚያ ሲደርስ መቍጠሩን ያቆማል።

የካርቱም ነገር ለዚህ ግልጽ ማስረጃ ይሆናል። ካርቱም በጥር 1885 በማህዲ ሠራዊት እጅ ወደቀች፤ ጄኔራል ጎርደንም በዚያው ተገደለ። ማህዲው በዚያው ዓመት ሲሞት የተተካው ከሊፋ አብዱላሂ መናገሻውን በዓባይ ማዶ በኦምዱርማን አጸና፤ ካርቱም ግን ተፈታች፥ ፈረሰችም። ስለዚህ ሆምስ በ1893 ገደማ ከሊፋውን በካርቱም ሊያገኘው አይችልም ነበር። ኮናን ዶይል በ1896 ለአንድ ጋዜጣ ወሬ ለመላክ እስከ ዋዲ ሐልፋ ድረስ የሄደ ሰው ስለ ነበረ ነገሩ ሊሰወርበት አይገባም ነበር። ከአድናቂዎቹ መካከል ልዩነቱን ያስተዋሉ አሉ፤ ነገር ግን የሚታየው እንደ ስም ስሕተት ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ነገሩ ከስም በላይ ነው። በኢትዮጵያ ታሪክ ድርቡሽ እየተባለ የሚታወቀው ይኸው መንግሥት በ1888 ጎንደርን አቃጥሏል፤ በመጋቢት 1889 በመተማ ጦርነት ዐፄ ዮሐንስ ወድቀዋል፥ ራሳቸውም ተቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወስዷል። ከጦርነቱ በፊት ንጉሠ ነገሥቱ ለድርቡሹ የጦር አለቃ ለሐምዳን አቡ አንጃ የሰላም ሐሳብ ያለበት ደብዳቤ ልከው ነበር፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ዐፄ ምኒልክ ከከሊፋው ጋር መልእክተኞች ተለዋውጠዋል። በእነዚሁ ዓመታት በኢትዮጵያ ክፉ ቀን የተባለው ረኀብ ወርዶ ነበር፤ ሱዳንም ከረኀብ አላመለጠችም። ታላቁ ክፍተት የተባለው ዘመን ባዶ ዘመን አልነበረም ማለት ነው። በእውነት የሄዱ መልእክተኞች፥ የተጻፉ ደብዳቤዎችና የሚያለቅስ ሕዝብ ነበሩበት። ክፍተት የሆነው በለንደን ለሚያነበው ሰው ብቻ ነው። አንድን አገር የጀግና መሰወሪያ ብቻ አድርጎ የሚመለከት ድርሰት፥ የአገሩን ሰዎች አንድ ቃል እንኳ ሳያናግር ያልፋል።

ኢትዮጵያ ራስዋ በዚህ ሁኔታ ታይታለች። ሳሙኤል ጆንሰን ኢትዮጵያን ሳያይ፥ በ1735 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰውን የኢየሱሳዊውን የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ እያስታወሰ፥ በ1759 የራሴላስን ታሪክ ጻፈ። ኤሊስ ኮርኔሊያ ናይት የተባለች ደራሲ ደግሞ በ1790 ዲናርባስ በሚል ስም ተከታዩን አሳተመች፤ ይህም በዛሬው አነጋገር ፍጹም የአድናቂ ድርሰት ነው። አንድ የሕልም ጉዞ ሌላ የሕልም ጉዞ ወለደ፤ ከሁለቱም ደራስያን አንዱ እንኳ አገሪቱን አልረገጠም። ጆንሰን የፈለገው ስለ ሰው ልጅ ደስታ መመርመር ስለ ሆነ ሥራው ትልቅነቱን አያጣም፤ በኋላም በሲራክ ኅሩይ እጅ ወደ አማርኛ ተመልሶ በአገሩ ሰው ሊነበብ በቅቷል። ነገር ግን መተርጐምና መመለስ የተለያዩ ናቸው። ለሕልሙ ከሕልሙ አገር መልስ የሰጠ ሥራ ለማየት ወደ ቲቤት መሻገር ያስፈልጋል።

ጃምያንግ ኖርቡ በስደት ያደገ የቲቤት ደራሲ ነው። በ1999 በሕንድ ያሳተመው «የሸርሎክ ሆምስ ማንዳላ» የተባለው ልብ ወለድ በ2000 በዚያው አገር የክሮስወርድን ሽልማት አግኝቷል። ደራሲው የጨዋታውን ደንብ በሙሉ ይጠብቃል፤ በዳርጂሊንግ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የተገኘ ጽሑፍ እንዳሳተመ ሆኖ ይቀርባል፥ የማስታወሻና የማብራሪያ ሥራም ይጨምርበታል። ተራኪው ግን ዋትሰን አይደለም፤ ራድያርድ ኪፕሊንግ በ1901 ባሳተመው ኪም በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ያለው የቤንጋል ተወላጅ ሑሪ ቸንደር ሙከርጂ ነው። ኪፕሊንግ ይህን ሰው ደፋር ቢያደርገውም በአነጋገሩ መሣቂያ አድርጎት ነበር። ኖርቡ አነጋገሩን ሳይለውጥ ብዕሩን ሰጠው፤ ሲታይ የነበረው ሰው አሁን የሚያይ ሆነ። ይህ አንድ ለውጥ የመጽሐፉ ታላቅ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ብልጫ ለዘመኑ መታመኑ ነው። በ1891 13ኛው ዳላይ ላማ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ፥ ሥልጣናቸውንም ገና አልተረከቡም። የመጽሐፉ ነገር የሚሽከረከረው በዚህ ላይ ነው፤ ልጁን ለማጥፋት የሚዶልቱ ሰዎች፥ የቻይና ንጉሠ ነገሥት እንደራሴ በላሳ ያለው ኀይልና የእንግሊዝ ዐይን ከድንበሩ ማዶ ሁሉም በስፍራቸው ተቀምጠዋል። በኮናን ዶይል ታላቁ ላማ ስም የሌለው አስተናጋጅ ነበር፤ በኖርቡ ግን አገሩን ሊያጣ የሚችል ሕፃን ንጉሥ ሆነ። የእንግሊዝ ጦር በ1904 ላሳ መግባቱን፥ በ1959 የሆነውንም ስደት የሚያስታውስ አንባቢ ይህን ሲያነብ ጨዋታው ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል። ደራሲው የጠፋውን አገር በተውሶ ጀግና አማካይነት መልሶ ሠርቶታል።

ይህ ምስጋና ሳይቀነስ ጉድለቱም ሊነገር ይገባል። የመጽሐፉ የመጨረሻ ክፍል ከምርመራ ወደ አስማት ይሻገራል፤ ሞሪያርቲ በተሰወረ ኀይል ይዋጋል፥ ሆምስም የአንድ የቲቤት ሊቅ ዳግም ልደት ሆኖ ይገኛል። በማስረጃና በምክንያት ብቻ የሚያምነው ሰው የገዛ ዘዴውን ተነጠቀ። የዚህ ፍጻሜ መከላከያ አለው፤ እንግዳው ቲቤትን አግኝቶ መመለሱ ቀርቶ ቲቤት እንግዳውን የራሷ አድርጋ ወሰደችው ሊባል ይችላል። ይሁን እንጂ ጄምስ ሂልተን በ1933 ሻንግሪላን ከጻፈ ወዲህ የምዕራቡ አንባቢ ከቲቤት የሚጠብቀው ይህንኑ የምሥጢርና የበረዶ አገር ነው። በመጀመሪያው ክፍል ሕልሙን ያረመው ደራሲ በመጨረሻው ሕልሙን መልሶ መገበው። ከዚህም የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ባለአገር መሆን ብቻውን ከሌላው ሕልም ነጻ አያወጣም፥ ያም ጥንቃቄ ይጠይቃል።

እንግዲህ የአድናቂዎችን ድርሰት የተውሶ ሥራ ነው ብሎ መናቅ ትክክል አይደለም፤ ከማኅበሩ ውስጥ ኖርቡን የመሰለ ሥራ ሊወጣ መቻሉ ታይቷል። በሌላ በኩል ንጹሕ ጨዋታ ነውና አይመረመር ማለትም አያስኬድም፤ ጨዋታው ራሱ ምርመራን ደንቡ አድርጎ የተነሣ ነውና። ያልተፈጸመው ነገር ይህ ደንብ ለሁሉም አገር እኩል አለመሥራቱ ነው። ለለንደን መንገድ ጠያቂ የሚፈልግ ደራሲ ለኦምዱርማንም ሊፈልግ ይገባዋል። ለጥያቄው የሚበቃ መልስ በጎንደር፥ በመተማና በኦምዱርማን በቃልም በጽሑፍም አለ። የዐፄ ዮሐንስንና የአቡ አንጃን ደብዳቤዎች ያነበበ ተማሪ፥ ሸርሎክ ሆምስ በዚያ በር ቢያልፍ ማንን ያገኝ እንደ ነበር ከኮናን ዶይል አብልጦ ሊናገር ይችላል።