ምኞት፣ ግድያና ዝምታ በ«ማክቤዝ»፤ ከጋሞ «ጎሜ» አንጻር የቀረበ ንባብ

የሼክስፒር «ማክቤዝ» በክፍል ውስጥ ሲነበብ ጭብጡ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይደመደማል፤ የሥልጣን ጥም ባለቤቱን ያጠፋል። አባባሉ ሐሰት አይደለም። ሆኖም ጭብጡ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተውኔቱ ተግሣጽ እንጂ ትራጀዲ ባልሆነ ነበር። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የማክቤዝ ውድቀት ከምኞቱ ይልቅ ከግድያው በኋላ በሰፈነው ዝምታ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ማሳየት ነው። ለዚህም በጋሞ ማኅበረሰብ ዘንድ የታወቀውን የ«ጎሜ» ጽንሰ ሐሳብ እንደ መመልከቻ እንጠቀማለን።

እ.ኤ.አ. በ1606 አካባቢ እንደተጻፈ የሚገመተውን ይህን ተውኔት ወደ አማርኛ የመለሰው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። ሼክስፒር ታሪኩን የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1587 ለሁለተኛ ጊዜ ከታተመው የሆሊንሼድ ዜና መዋዕል ነው። በዚያ መጽሐፍ ደንከን ደካማ ንጉሥ፣ ባንኮ የግድያው ተባባሪ ነው፤ ማክቤዝም ዐሥር ዓመት ያህል በፍትሕ ይገዛል። ሼክስፒር ሦስቱንም ለውጧል። ደንከንን ደግ፣ ባንኮን ንጹሕ፣ የማክቤዝን ዘመን አጭር አድርጎታል። በዚህም ለገዳዩ አንድም ማመካኛ አላስቀረለትም።

ማመካኛ እንደሌለው ከማንም በፊት የሚያውቀው ራሱ ማክቤዝ ነው። በአንደኛው ገቢር ሰባተኛ ትዕይንት ለብቻው ሲናገር ደንከን ዘመዱ፣ ንጉሡና እንግዳው መሆኑን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ከምኞት በቀር የሚገፋፋው ነገር እንደሌለም ያምናል። ሐሳቡን እስከ መተውም ይደርሳል፤ የሚመልሰው የሚስቱ ነቀፋ ነው። እንግዲህ ማክቤዝ ክፉን ከደግ መለየት የተሳነው ሰው አይደለም። አውቆ የሚገባ ነው፤ የሚያሳዝነንም ስለዚህ ነው።

ጎሜ «ወጋ» የሚባለውን የአባቶች ሥርዓት ከመተላለፍ የሚመጣ ነው። አንድ ሰው የተከለከለውን ቢያደርግ መዘዙ በእርሱ ላይ ብቻ አይቆምም፤ በሽታ፣ የከብት እልቂት ወይም የአዝመራ መበላሸት ሆኖ ቤተሰቡንና አገሩን እንደሚነካ ይታመናል። መፍትሔው ጥፋቱን በሽማግሌዎች ፊት ወይም በዱቡሻ፣ ማለትም በሕዝቡ መሰብሰቢያ ሜዳ፣ ተናዝዞ በሥርዓቱ መንጻት ነው። በዚህ ዐይን ሲታይ፣ ደንከን በተገደለ ማግሥት ቀኑ መጨለሙና ፈረሶች እርስ በርስ መበላላታቸው የመድረክ ጌጥ ብቻ አይሆንም። ጥፋቱ ከአጥፊው አልፎ ምድሪቱን መንካቱን ያመለክታል። ከጋሞ ደጋ የመጣ ተማሪ ይህን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያሻውም።

ይበልጥ የሚያመራምረው ግን የኑዛዜው ጉዳይ ነው። ሦስት ቦታዎችን እንመልከት። የመጀመሪያው ማክቤዝ ሹመቱን የወረሰው የካውዶር ገዥ ነው። ይህ ከሃዲ ጥፋቱን በግልጽ ተናግሮ፣ ምሕረት ለምኖ እንደሞተ ማልኮልም ይተርካል። ማክቤዝ ማዕረጉን ወረሰ እንጂ ኑዛዜውን አልወረሰም። ሁለተኛው ግድያው የታወቀበት ማለዳ ነው። ባንኮ መኳንንቱ ተሰብስበው የደሙን ነገር እንዲመረምሩ ይጠይቃል፤ ሁሉም ይስማማሉ። ጉባኤው ግን በመድረክ ላይ አይታይም። የንጉሡ ልጆች ይሸሻሉ፤ ጥርጣሬው በእነርሱ ላይ ይወድቃል፤ ማክቤዝም ሊነግሥ ወደ ስኮን መሄዱን እንሰማለን። ባንኮ ራሱ ጥርጣሬውን በልቡ ይዞ ይቀራል። በጋሞኛው አነጋገር፣ ዱቡሻው ተጠርቶ ሳይቀመጥ ቀረ ማለት ነው። ሦስተኛው እመቤት ማክቤዝ በእንቅልፍ ልቧ የምትናገርበት ትዕይንት ነው። ቀድማ የሰማቻት ደንገጡር ምስክር ስለሌላት ለሐኪሙ እንኳ አትደግምም፤ ሐኪሙም ያሰበውን ለመናገር አይደፍርም። ቃሉ ወጥቷል፤ የሚቀበለው ጉባኤ ግን የለም።

በዚህ ንባብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛ፣ ማክቤዝ በመጨረሻው ፍልሚያ ነፍሱ በማክደፍ ቤተሰብ ደም መክበዷን ይናገራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ ለአንድ ባላጋራ በሰይፍ መካከል የተነገረ ነው፤ የደንከንም ስም አይነሣበትም። ሁለተኛ፣ ጎሜ ሊታረም የሚችል ሲሆን ትራጀዲ የማይመለስ ነገር ነው። ልዩነቱ መሠረታዊ ነው፤ የንጽጽሩም ጥቅም እዚሁ ላይ ነው። የመንጻት መንገድ ባለበት ባህል ቆሞ የሚያነብ ሰው፣ በማክቤዝ ስኮትላንድ ይኸው መንገድ እንዴት ደረጃ በደረጃ እንደተዘጋ ያያል።

በመስከረም 2011 ዓ.ም.፣ ከቡራዩው ግድያ በኋላ፣ በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሡ ወጣቶችን የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው መልሰዋቸዋል። በ«ማክቤዝ»ም አንድ ስም የለሽ ሽማግሌ አለ። በሁለተኛው ገቢር መጨረሻ የምድሪቱን መናወጥ ይመሰክራል፤ ጠላትን ወዳጅ የሚያደርጉትን መርቆ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ አናየውም። ተውኔቱ የሚዘጋው በተቆረጠ ራስ ነው፤ አዲሱ ንጉሥም ሟቹን አራጅ ብሎ ጠርቶ ወደ ዘውዱ ያመራል። ሃያስያን ስለ ማክቤዝ ምኞት ብዙ ጽፈዋል። የዚህ ሽማግሌ ከመድረክ መጥፋት ግን ከምኞቱ ያላነሰ ጥናት ይገባዋል።